የዕድሜ ልክ ጥገና

በልጅነቴ በአንድ ሌባ ላይ አስፈርጄ አውቃለሁ። ቢያንስ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ብዬ አምን ነበር፤ በትምህርት ቤትም በሰፈርም ጆሮ ለሰጠኝ ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ሌባው መካኒክ ነበር። ሰማያዊ ቱታ ከላዩ ስለማይለይ የሰፈር ልጆች "ባለቱታው" እንለዋለን። የተሰረቅነው ደግሞ እኛ ነን፤ እናቴ፣ አያቴና እኔ፤ ከሁላችን በላይ ደግሞ መኪናችን።

መኪናችን አባቴ ሲሞት ጥሎልን የሄደው ብቸኛ ንብረት ነበረች። ከኋላ ወንበር የሌላት፣ ጎኗ ላይ መስኮት ያልወጣላት፣ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ ነጭ የጭነት ቫን። ነጭ መሆኗ የሚታወቀው በሯ ሲከፈት ከውስጥ በኩል ነው፤ ውጭ ውጩን የአቧራ ቀለም ይዛለች። አባቴን ብዙም አላስታውሰው፤ ትዝ የሚለኝ መሪው ላይ የተዘረጋ ሰፊ እጁ ብቻ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችና ሥራውን ካቆመበት ቀጠለች። ገና ጎህ ሲቀድ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ በሳጥን በሳጥን ትጭንና ለሱቆች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ላለው ሆስፒታል ታከፋፍላለች። ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔም አጠገቧ ነኝ። ከጀርባችን የዳቦው ሙቀት፣ ከፊታችን የንጋቱ ብርድ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ግን ኮረኮንች ነው፤ አጥንት ያላቅቃል። ሰው ሁሉ "የዚህች ዓይነት መኪና አትሞትም" ይላል። እውነት ነው፣ አትሞትም። ግን ትታመማለች። አንድ ሰሞን ከሥሯ ያለው ባሌስትራ ተሰብሮ ወደ አንድ ጎኗ ተንጋዳ ስታነክስ ከረመች። እሱ ተጠግኖ ሳያልቅ የፍሬኗ ሸራ አለቀ። ዳገት ላይ ራዲያተሯ ይፈላና እናቴ ጀሪካን አንጠልጥላ የሰው በር ታንኳኳለች። ጠዋት ብርድ ሲያገኛት ደግሞ ማስነሻ ሞተሪኖዋ "እህ… እህ…" ብሎ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ በሙሉ ከነሌሊት ልብሱ ወጥቶ ይገፋታል። ለእያንዳንዱ በሽታ የሚወጣው ገንዘብ ከእኛው አፍ የተነጠቀ ነው። የመኪናዋ ጎማ በተቀየረ ዓመት የእኔ ጫማ ክፍል ይደግማል።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ "ልጄ፣" አለቻት እናቴን፣ "ይቺ መኪና ከምታበላን የምትበላን በለጠ። ሽጫት።"

"ትንሽ እንታገሣት እማማ። መካኒኩ ይሻላታል ብሏል።"

"ይሻላታል ካለ ስንት ጊዜው ነው? በሽተኛዋ ስትመላለስ ሐኪሙ ወፈረ እኮ!"

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። መኪናዋ ከተሸጠች ያ የዳቦ ሙቀት፣ ያ ወንበር፣ ያ ሰፊ እጅ አርፎበት የነበረው መሪ፣ ሁሉም አብሮ መሸጡ ነው። የአያቴ ንግግር ግን አንድ ነገር ውስጤ ጫረ። ሐኪሙ ወፈረ። ለካ ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቱታውን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ያዝኩ።

ጋራዡ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ ሰፊ ግቢ ነው። ባለቱታው ከሰው ጋር ሲሆን ዝምተኛ፣ መኪና ሥር ሲገባ ደግሞ ዘፋኝ ነው፤ መሬት ላይ ሁለት እግር ብቻ ተዘርግቶ ዘፈን ሲወጣ ትሰማላችሁ። እኛ ስንደርስ ዘፈኑ ይቋረጣል። ከሥር ተንፏቆ ይወጣና ያለችውን አንዲት ወንበር በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ ለእናቴ ያስጠጋል። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ያ ጨርቅ የት እንደሚገባ አላውቅም። "ለመዝረፍ ሲያለሳልሳት ነው" አልኩ በሆዴ።

አንድ ቀን ሞተሩን አስነስቶ ረጅም ካቻቢቴውን ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ማዳመጥ ጀመረ። ሆስፒታል ዳቦ ስናደርስ ያየሁት ሐኪም እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆ አያዳምጥም። ቆይቶ እናቴን ጠራና እጀታውን ወደ እሷ ጆሮ አስጠጋላት። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ይሰማዎታል?" አላት።

"ይሰማኛል።"

"ምን ይመስልዎታል?"

"እንጃ…" አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ፈራሁት።"

"እኔም ፈርቼዋለሁ" አለ ባለቱታው።

ክው ብዬ ቀረሁ። መካኒክ የፈራው በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች እናቴ።

"ሳይቸኩሉ ማየት ነው። ሐሙስም ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው።"

ሐሙስ ሄድን። ከዚያም ማክሰኞ። ከዚያም እንደገና ሐሙስ። ማስረጃ መያዝ እንዳለብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ናፍታ ማጣሪያውን "ቀየርኩት" ስለሚል፣ የእናቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ፣ መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ በቆመችበት፣ ማጣሪያው ላይ አንዲት ነጠብጣብ አደረግሁበት። በሚቀጥለው ጊዜ ባለቱታው ያንኑ ማጣሪያ ፈትቶ፣ በናፍታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ መልሶ ሲያስገባው አየሁ። እጁን እየጠረገ፣ "ፊልትሮውን ቀይሬዋለሁ" አላት እናቴን። ተንጠራርቼ ብመለከት ነጠብጣቧ እንደ ቀላች አለች።

ማስረጃዬን ይዤ ለእናቴ ልነግራት ስል ግን አንጀቴን የሚበላ ነገር አየሁ። አንድ ማለዳ በመስኮት ስመለከት እናቴ ኮፈኑን ከፍታ እጇን ወደ ውስጥ ሰዳለች። ወዲያው መኪናዋ አልነሳም አለች። "ምስኪን፣ የሚከፈል ሲያጥራት ራሷ ልትጠግናት እየሞከረች ነው" ብዬ አለቀስኩ።

እውነቱን የነገረችኝ እኔ ራሴ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ልጄን አቅፋ ሳቋ እያቋረጣት። የባትሪውን ሽቦ ትፈታው ነበር። ባለቱታውም ያውቅ ነበር። በጣቷ በቀላሉ እንዲፈታላት ብሎ ሆን ብሎ አላልቶ ያስረዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ነገር ነበራቸው፤ ለማውራት ግን መኪናዋ መታመም ነበረባት። የባል እናት ቤት የምትኖር ሴትና ዓይን አፋር መካኒክ ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ያገኛሉ?

ያኔ ይህን አላውቅም። ያኔ የማውቀው አጎቴ መምጣቱን ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር። ሲመጣ መንገዱን በመኪናው ግጥም አድርጎ ይዘጋና ጥሩምባውን ይለቀዋል፤ የሰፈሩ ሕፃን በሙሉ ያለቅሳል። ደግ ነው፣ ግን እንደ ክብሪት ነው፤ ከተጫረ አይመለስም። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቴ "ዕቃው መጥቶ እንደሆነ ልጠይቅ" ብላ በእግሯ ወደ ጋራዡ ሄዳለች። አጎቴን እጁን ጎትቼ ወደ ቫኗ ወሰድኩትና ሁሉንም ነገርኩት።

ነጠብጣቧን ባየ ጊዜ ጆሮው ቀላ። መኪናዋን አስነሳ። ዳገት አወጣት፣ ቁልቁል አወረዳት፣ ድንገት ፍሬን ያዘ፣ ወደ ኋላ ነዳት፣ ጉድጓድ መርጦ ገባባት። አያቴ በር ላይ ቆማ ታያለች።

"እናቴ፣" አላት ከመኪናው እየወረደ፣ "ይቺ መኪና ምንም የላትም። ከእኔ ትሻላለች!"

"ምንም?"

"ምንም! ባሌስትራዋም፣ ፍሬኗም፣ ራዲያተሯም ድሮ አንዴ ተሠርቷል፣ እጁ ይባረክ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ ውሸት ነው።"

አያቴ ትንሽ አሰበችና፣ "ጫማዬን አምጪልኝ" አለችኝ።

አጎቴ እየነዳ፣ አያቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ባዶ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ጋራዡ ደረስን። ባለቱታውና እናቴ ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እናቴ ትስቃለች። ያ ሳቅ ለእኔ አዲስ ነበር፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ። ከሌባ ጋር!

"ስማ አንተ!" አለ አጎቴ በሩን ሳይዘጋ። "የሙት ልጅ ዳቦ ጉሮሮህን አያንቅህም?"

ባለቱታው ብድግ ሲል ሻዩ ቱታው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ፊልትሮውን ቀየርኩ ትላለህ፣ አልቀየርክም!" ብዬ እኔም ከኋላ ዘለልኩ። "ምልክት አድርጌበታለሁ! በጥፍር ቀለም!"

"በጥፍር ቀለም?" አለ ባለቱታው።

"ስንት ወስደህባታል? ተናገር!" አለ አጎቴ።

"ምንም አልወሰደም" አለች እናቴ ከአፉ ቀምታ። "ከራዲያተሩ በኋላ አንድም ቀን ተቀብሎኝ አያውቅም።"

አጎቴ አፉን ከፍቶ ቆመ። እኔ ግን አልተታለልኩም። አስፈራርቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። ይባስ ብሎ ባለቱታው ግራ ሲገባው ወደ እናቴ ዞረና ወንጀሉን የሚያጸና ነገር ተናገረ።

"እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው!" አላት።

አንቺ! እናቴን፣ ያን ሁሉ ጊዜ በፊቴ "እርስዎ፣ እርስዎ" ሲላት የኖረ ሰው! ለመንጠቅ ብቻ ሳይሆን ለመናቅም ደፈረ። አያቴን አየኋት፤ እሷም ሰምታለች። ዓይኗ ጠበበ። ባለቱታውን ከእግር እስከ ራሱ፣ ከዚያ እናቴን፣ ከዚያ ጎማዎቹን፣ ከዚያ የተወለወለችውን ወንበር ተራ በተራ ተመለከተች።

"አንተ ሰው፣" አለች በመጨረሻ፣ "ነገ ምሳ ሰዓት ቤት ትመጣለህ።"

"እሺ እማማ" አለ።

ችሎት ተቀጠረ ማለት ነው! ሌሊቱን በደስታ ስገላበጥ አደርኩ። በማግሥቱ ወንበሮቹን ራሴ ደረደርኩ፤ ሦስቱን በአንድ ወገን፣ ለተከሳሹ የምትወዛወዘዋን ዱካ ብቻዋን ፊት ለፊት። እናቴ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ጨው ሁለቴ ጨመረች።

ሲገባ አላወቅሁትም። ቱታውን አውልቋል። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁን እስኪላጥ ቢያሽም የጥፍሩ ዙሪያ እንደ ጠቆረ ነው። ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዟል። ጉቦ! አያቴ እንደማትቀበል እርግጠኛ ነበርኩ። ተቀበለች። አንዱን ልጣ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በላሁት።

አያቴ ምርመራውን ጀመረች።

"እናት አባት አሉህ?"

"እናቴ አለች። አገር ቤት ናት።"

"ትጠይቃታለህ?"

"በየወሩ።"

"አግብተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም እማማ።"

"ተናዳጅ ነህ?"

"ቡሎን አልፈታም ሲለኝ ብቻ።"

አጎቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አያቴ ግን አልሳቀችም። እናቴ በር ላይ ፎጣ ጨብጣ ቆማለች። አያቴ ወደ እሷ ዞረችና፣ ዛሬም ቃል በቃል የማስታውሰውን ተናገረች።

"ልጄ ይቺን መኪና የተወላችሁ እንድትኖሩባት ነው። ዕድሜሽን ሙሉ እንድታስታምሚያት አይደለም።"

እናቴ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ለመኪናዋ አዝና ነው ብዬ እግሯን አቀፍኩ። አያቴም ዓይኗን በአውራ ጣቷ ጠረገች። ይህን ሁሉ ሰው ያስለቀሰችው መኪና ምንኛ ብትወደድ ነው እያልኩ ነበር። አያቴ በዚያች ደቂቃ ልጇን ሁለተኛ ጊዜ እየሸኘች እንደነበረ ያወቅሁት፣ እሷ ራሷ ከተሸኘች በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከሳሿ አንቺ ነሽ። ያላንቺ ቃል የሚሆን ነገር የለም። ምን እንፍረድበት?"

ሁሉም አየኝ። ባለቱታው ዱካዋ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላቦት ችፍ ብሎበታል። ያን ያህል የሚፈራኝ ሰው አይቼ አላውቅም። እስር ቤት ልለው ነበር፤ ግን ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር።

"መኪናችንን በነፃ ይጠግን" አልኩ።

"እስከ መቼ?" አለች አያቴ።

"እስከ ዕድሜ ልኩ!"

ባለቱታው ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ "ተቀብያለሁ" አለ። አጎቴ ከዚህ በላይ መቻል አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ፤ ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

ፍርዱ ተፈጻሚ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባለቱታው ጓዙን ጠቅልሎ እኛ ቤት ገባ። እናቴ ያገባችው እንዳያመልጥ ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር፤ ለጓደኞቼም እንደዚያው ብዬ አስረዳሁ። እሱም ቅጣቱን በጸጋ ተቀበለ። ጠዋት ጠዋት ከእኛ ቀድሞ ተነስቶ ዘይቷን ያያል፣ ውኃዋን ይሞላል፣ ጎማዋን ይነካካል፣ እየዘፈነ። መኪናዋም መታመሟን ድንገት ተወች። ፍርድ ምን ያህል እንደሚሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የእኔም ጫማ በዓመቱ ተቀየረ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ እሱን የምጠራበት ስም አልነበረኝም። በፊቱ "ባለቱታው" ማለት ያሳፍራል፣ ሌላው ደግሞ ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ ሲያስፈልገኝ እጅጌውን እጎትታለሁ። እሱም አንድ ቀን እንኳ "ምን በይኝ" አላለም።

በሚቀጥለው ዓመት የአያቴን እህት ልንጠይቅ ወደ ገጠር በቫኗ ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ከኮፈኑ ነጭ ጭስ ተነሳ፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ቆመ። እሱ ወርዶ አየና እጁን ወገቡ ላይ ጫነ።

"ቴስታታው ነው፣ የሞተሩ ራስ" አለ። "ያጠራቀምነውን ገንዘብ በሙሉ ይበላዋል።"

እናቴ አየችው፣ እሱም አያት። "የእውነት ተበላሸች?" አለችው።

"የእውነት!"

ሁለቱም መኪናዋን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ ምን እንደሚያስቃቸው ባይገባኝም አብሬ ሳቅሁ። ከፊታችን ያለችው የገጠር ከተማ ድረስ መግፋት ነበረብን። አያቴ አልወርድም አለች። "እኔ ልጋልብ እንጂ ልገፋ አልመጣሁም።" ስለዚህ እሱና እናቴ ከኋላ ሆኑ፤ መሪው ለእኔ ተሰጠኝ። "ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ሌላ ምንም የለውም" አለኝ።

መንገዱ ሜዳ ነበር። ሁለት እጄን መሪው ላይ ዘርግቼ፣ አያቴን ከጎኔ ጭኜ፣ በዓለም ላይ እንደኔ ያለ ሹፌር አልነበረም። ከፊት ትንሽ ቁልቁለት እንዳለ ግን ማናችንም አላየንም። መኪናዋ በራሷ መንከባለል ጀመረች። ፈጠነች። ከኋላ የሚገፉት እጆች እንደተለዩን ተሰማኝ። እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። አያቴ "ኧረ በስመ አብ!" አለች።

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። "አባዬ፣ ፍሬኑ!"

በጎን መስታወቱ አየሁት፤ ሲበር መጣ። እንደዚያ የሮጠ ሰው አይቼ አላውቅም። መስኮቴ ጋ ደረሰና፣ "እማማ! ያንን ዘንግ ይሳቡት! መሃል ያለውን! በሁለት እጅዎ!" አለ።

አያቴ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እግሯን ከፊት አስደግፋ፣ የኖረችበትን ዘመን ጉልበት በሙሉ አውጥታ ሳበችው። መኪናዋ ሲጢጥ ብላ ቆመች። እሱ ግን መቆም አቅቶት አጠገቤ አልፎ ሮጠ፤ ሮጠና የመንገዱ ዳር ሣር ላይ በቂጡ ቁጭ አለ።

እናቴ እያለከለከች ደረሰች። ልጅም መኪናም ደህና መሆኑን በዓይኗ አረጋግጣ ወደ እሱ ሄደች። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ምን ሆንክ? ተጎዳህ እንዴ?"

"አይ" አለ፣ በእንባ የራሰ ፊቱ በሳቅ ተሞልቶ። "ጠራችኝ።"